በኮምፒውተር ገጽ ላይ ለሠራተኛ ስለሚጻፍ የምሪት ቃል

ለሕዝብ የተደረገ ንግግር



ከእናንተ መካከል የባንክ ደብተሩን ይዞ፣ የተራ ቁጥሩን ቈርጦ፣ አንድ ሰዓት ያህል ከተቀመጠ በኋላ፣ ወደ መስኮቱ በቀረበባት በዚያች ቅጽበት ከወዲያ ማዶ ያለችው ወጣት አንገቷን ደፋ አድርጋ «ሲስተም የለም» ያላለችው ሰው ይኖራል ብዬ አልገምትም። ይህ ቃል በከተሞቻችን ዘንድ እንደ «መብራት የለም» እና እንደ «ውሃ የለም» ያለ የዘወትር ቃል ስለ ሆነ፣ ሰሚው ምክንያቱን መጠየቅ ትቶ ወረቀቱን አጥፎ ወደ መጣበት ይመለሳል። እኔ ግን ሥራዬ ሆኖ በየመሥሪያ ቤቱ ከሠራተኞች ጎን እየተቀመጥሁ ቃሉ የሚወለድበትን ሥፍራ ለማየት ዕድል ስላገኘሁ፣ በስተ ጀርባው ልዩ ልዩ ምክንያት እንዳለ ተረድቻለሁ። አንዳንድ ጊዜ በእርግጥ መስመሩ ተቋርጧል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የሠራተኛዋ ፓስወርድ ጊዜው አልፎበታል፤ ወይም ደንበኛው ሲመዘገብ «ኃይለ» ተብሎ የተጻፈው ስም ዛሬ «ሀይለ» ተብሎ ተፈልጓል፤ ወይም አንዲት ሳጥን ሳትሞላ ቀርታለች። ኮምፒውተሩ ከእነዚህ መካከል የትኛው እንደ ሆነ ያውቃል፤ ነገር ግን ለሠራተኛዋ የገለጠላት «ኢሮር» የሚል ቃልና አንድ ረጅም ቁጥር ብቻ ስለ ሆነ፣ እርሷም ለደንበኛዋ የምታቀብለው ሌላ ቃል አልነበራትም።

ዛሬ ልናገርበት የመጣሁት ነገር፣ በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ለሚሠራ ሰው በስክሪኑ ላይ ተጽፎ ስለሚታየው ትንሽ የምሪት ቃል ነው። ከሳጥኗ አጠገብ በደብዛዛ ቀለም የምትታየው ምሳሌ፣ ስሕተት ሲገኝ ብቅ የምትለው ማስታወቂያ፣ መዝገብ ከመጥፋቱ አስቀድሞ «እርግጠኛ ነዎት?» የምትለው ጥያቄ ሁሉ በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። ነገሩ ኢምንት መስሎ ሊታያችሁ ይችላል፤ ሶፍትዌሩን የሚሠሩት ባለሙያዎችም ብዙውን ጊዜ እንደዚሁ ስለሚያዩት፣ ሕንፃው ካለቀ በኋላ በበሩ ላይ እንደሚለጠፍ ቁጥር፣ ሥራው ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ በመጨረሻዋ ሌሊት በችኮላ ይጽፉታል።

አባቶቻችን ግን እንዲህ ያለውን ጽሕፈት አላቃለሉትም። መጽሐፈ ቅዳሴን ገልጦ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ካህኑ የሚያነበው፣ ዲያቆኑ የሚያውጀውና ሕዝቡ የሚቀበለው ቃል በየተራው ሲሄድ፣ በየመካከሉ «ይበል ካህን»፣ «ይበል ዲያቆን»፣ «ይበል ሕዝብ» የሚል ትእዛዝ ይገባል፤ በታተሙትም መጻሕፍት ይኸው ትእዛዝ «ይ.ካ.»፣ «ይ.ዲ.»፣ «ይ.ሕ.» ወደሚሉ ፊደላት አጥሮ እናገኘዋለን። የዚህችን ትንሽ ቃል ጥበብ ተመልከቱ። በቀይ ቀለም ስትጻፍ ከሚዜመው ንባብ ጋር አትደባለቅም፤ ሥፍራዋ ሥራው ከሚሠራበት ከዚያው መስመር ላይ ስለ ሆነ ዲያቆኑ በቅዳሴ መካከል ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ገልብጦ አይፈልጋትም፤ የምትናገረውም ለማን እንደ ሆነ ለይታ ነው። ስለ ቅዳሴው ታሪክ አታስተምርም፤ ስለ ራሷም አትናገርም፤ ተራው የማን እንደ ሆነ አስታውቃ ዝም ትላለች።

በዚያው በቤተ ክርስቲያናችን ግን ሌላ ዓይነት ጽሕፈትም አለ። በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ መንግሥት ዐዝማች ጌራና ዐዝማች ራጉኤል እንደ ሠሩት የሚነገርለት የድጓ ምልክት ከንባቡ በላይ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል፤ አንዲት ወይም ሁለት ፊደል ሙሉውን የዜማ ስልት ታስታውሳለች። ይሁን እንጂ የምታስታውሰው የሚያውቀውን ሰው ነው፤ በድጓ ቤት ዓመታት ያልቈየ ሰው ፊደሏን ያነባታል እንጂ ዜማዋን አያገኛትም። ይህ ነውር አይደለም፤ ምልክቱ ለሊቅ የተሠራ ነውና። የዛሬው ሶፍትዌር ጥፋት ግን ድጓ ቤት ገብቶ ለማያውቅ ሰው ምልክት አሳይቶ «እንግዲህ አዚም» ማለቱ ነው። ያ ረጅም ቁጥር ለሠራው መሐንዲስ እውነተኛ ምሥጢር ሊሆን ይችላል፤ በመስኮቱ ለተቀመጠችው ግን ዝምታ ነው።

ይህ ዓይነቱ ዝምታ ሥራ ከማጐተት አልፎ ነፍስ እስከ ማጥፋት በሚደርስ ጥፋት ውስጥ ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። በካናዳ የተሠራ፣ የካንሰር ሕሙማንን በጨረር የሚያክም፣ ቴራክ 25 የሚባል መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ በአሜሪካና በካናዳ ሆስፒታሎች ቢያንስ ለስድስት ሕሙማን ከታዘዘላቸው እጅግ የበዛ ጨረር ሰጥቷል። ከእነዚህ አንዱ ጥፋት የደረሰው በማርች 1986 በቴክሳስ፣ ታይለር በምትባል ከተማ ነው። መሣሪያውን የምታንቀሳቅሰው ባለሙያ ኤሌክትሮን ለማለት «ኢ» መጻፍ ሲገባት «ኤክስ» ጻፈች፤ ወዲያው አይታ አረመችው፤ ሥራዋን የለመደች ስለ ነበረች እጇ ፈጣን ነበር፤ ፍጥነቷም የመሣሪያው ማግኔቶች ለመሰናዳት የሚፈልጉትን 8 ሴኮንድ ያህል ጊዜ ቀደመው። ሕክምናውን ባስጀመረች ጊዜ ስክሪኑ «ብልሽት 54» የሚል ቃል አውጥቶ ቆመ። ለባለሙያዎቹ በተሰጠው መጽሐፍ የዚህ ቁጥር ፍች አልነበረም፤ በሌላ የፋብሪካው ሰነድ የተገኘውም ፍች ከሁለት ቃላትና ከአንድ ቁጥር ያላለፈ፣ ከመሐንዲስ በቀር ማንም የማይረዳው ነበር። በስክሪኑ ላይ ደግሞ ከታዘዘው 202 መለኪያ የተሰጠው 6 ብቻ እንደ ሆነ ይታይ ነበር። እንዲህ ያለው መቋረጥ ዕለት ዕለት የሚያጋጥም፣ «ፒ» የምትለውን ፊደል በመጫን የሚታለፍ ነገር ስለ ነበረ፣ እርሷም እንደ ልማዷ ተጫነችና ሥራው ቀጠለ። በዚያን ቀን ክፍሉን የሚያሳየው ካሜራ አልተሰካም፣ የድምፁም መገናኛ ተበላሽቶ ነበርና፣ በውስጥ የተኛው ሕመምተኛ እንደ ኤሌክትሪክ በሚመታ ኃይል ተመትቶ ሊነሣ ሲታገል አላየችውም። ሰውየው ከአምስት ወር በኋላ በዚሁ ጠንቅ ሞተ።

ለፍርድ እንዳልቸኵል ይህን ልጨምር፤ በቀደሙት የዚህ ዓይነት መሣሪያዎች ላይ የነበረው፣ ከሶፍትዌሩ ውጭ ራሱን ችሎ የሚሠራ መከላከያ ተነሥቶ ጥበቃው ሁሉ ለሶፍትዌሩ መተዉና በሶፍትዌሩም ውስጥ የተሰወረ ስሕተት መኖሩ የጥፋቱ ሥር ነበረ፤ ቃል ብቻውን ሰውየውን አላቃጠለውም። ሆኖም መሣሪያው ያወቀው ነገር ምን ነበር? የተሰጠው ጨረር ከታዘዘው ጋር አለመስማማቱን፣ ይኸውም መጠኑ ወይ በዝቶ ወይ አንሶ መሆኑን ነበር። እንግዲህ በ«ብልሽት 54» ፈንታ፣ «የጨረሩ መጠን ከታዘዘው ጋር አልተስማማም፤ በዝቶ ሊሆን ይችላል። ሕመምተኛውን ገብተው ሳያዩ አይቀጥሉ» የሚል ቃል በስክሪኑ ላይ ቢኖር ኖሮ፣ ያቺ ባለሙያ «ፒ»ን ትጫን ነበር ብሎ የሚከራከረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ከስክሪኑ ላይ የጐደለችው «በዝቶ ሊሆን ይችላል» የምትለው ሐረግ ናት።

«ሰው የተጻፈለትን ቢያነብ ኖሮ» የሚል ወቀሳ ከባለሙያዎቹ ዘንድ ዘወትር ይሰማል። ጆን ካሮል የተባለ የአይ ቢ ኤም ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በኮምፒውተር ደብዳቤ መጻፍ የሚማሩ የቢሮ ጸሓፊዎችን አጠገባቸው ተቀምጦ በተመለከተ ጊዜ፣ ሰዎቹ የተሰጣቸውን ወፍራም መምሪያ ከጥቂት ገጽ በኋላ ገሸሽ አድርገው በቀጥታ ወደ ሥራው ሲገቡ አየ። ይህንንም ለስንፍና አልሰጠውም፤ የመጡት ደብዳቤ ሊጽፉ እንጂ መሣሪያ ሊያጠኑ እንዳልሆነ ተረዳ። መምሪያውንም ቈርጦ፣ በሥራው ዙሪያ ብቻ አሳጥሮ፣ ሲሳሳቱ እንዴት እንደሚመለሱ ጨምሮ ባዘጋጀላቸው ጊዜ ፈጥነው ተማሩ። እኔም ራሴ በዚህ ንግግር እንደምታዩኝ ረጃጅም ዓረፍተ ነገር እወዳለሁ፤ እናንተ ግን ተቀምጣችሁ ትሰሙኛላችሁ፤ በመስኮቱ ከተቀመጠችው ሠራተኛ ፊት ግን ሰልፍ ቆሟል።

ወደ ራሳችን ልሳን ስንመለስ፣ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሥርዓት ከገባ ወዲህ «ፊደሉ በስክሪን አይታይም» የሚለው ምክንያት እየሳሳ ስለ ሄደ፣ የቀረው ችግር የቃል ነው። አማርኛ ግሡን በመጨረሻ፣ አሉታውንም በዚያው በግሡ ላይ የሚያኖር ልሳን መሆኑን ሁላችሁ ታውቃላችሁ፤ በእንግሊዝኛ ልክ የተሠራች ጠባብ ሣጥን ግን ይህን አታውቅም። «የሠራተኛው የጡረታ መለያ ቁጥር ካልተሞላ የወሩን ደመወዝ ማስላት አይቻልም» የሚለው ቃል በእንዲህ ያለች ሣጥን ውስጥ «የሠራተኛው የጡረታ መለያ ቁጥር ካልተሞላ የወሩን ደመወዝ ማስላት» ከሚለው ላይ ሦስት ነጥብ ተደርጎበት ተቈርጦ አይቻለሁ፤ አንባቢዋም ይቻላል ይሁን አይቻልም ለመረዳት ስድስተኛ ስሜት ያስፈልጋት ነበር። መድኃኒቱ ፍርዱን ማስቀደም ነው፤ «ደመወዙ አልተሰላም። የጡረታ መለያ ቁጥሩን ይሙሉ።» ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች አጫጭር ስለ ሆኑ ሁለተኛው እንኳ ቢቈረጥ የመጀመሪያው ይተርፋል።

ሌላው ጕዳይ በስክሪኑ ላይ ማን ለማን እንደሚናገር ነው። በቍልፉ ላይ የሚጻፈው ቃል ሠራተኛው ለመሣሪያው የሚሰጠው ትእዛዝ ስለ ሆነ «አስቀምጥ»፣ «ላክ»፣ «አትም» ቢባል መሣሪያው አይቀየምም። የምሪት ቃል ግን ጸሓፊው ለሠራተኛው የሚናገረው ነውና በ«እርስዎ» መሆን ይገባዋል፤ ሠላሳ ዓመት ያገለገሉትን የሒሳብ ሹም «ቁጥር አስገባ» ብሎ የሚያዝ ስክሪን፣ ጸሓፊው ሳያስበው የቤት አሽከር አድርጓቸዋል፤ በሴት ላይ ሲሆን ደግሞ ጾታዋንም ይስታል። የትርጕም ችኮላ የሚያመጣው ጣጣም አለ። እንግሊዝኛው ለማጥፋትና ለመተው ሁለት ልዩ ቃላት ሲኖሩት፣ እኛ ሁለቱንም «ሰርዝ» ብለን ተርጕመን፣ «ይህን መዝገብ መሰረዝ ይፈልጋሉ?» ከሚል ጥያቄ በታች «ሰርዝ» እና «ሰርዝ» የሚሉ ሁለት ቍልፎች ጎን ለጎን ቆመው በዓይኔ አይቻለሁ። አንደኛው መዝገቡን ያጠፋል፤ ሁለተኛው ማጥፋቱን ይተዋል። «መዝገቡን አጥፋ» እና «ተወው» ቢባል ምን ይጐድል ነበር?

«እሺ» ስለምትለው ቍልፍም አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አፕል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ ያቀረበውን ሊዛ የተባለ ኮምፒውተር ሲሠራ፣ በቍልፉ ላይ በእንግሊዝኛ «አድርገው» የሚል ሁለት ቃል ተጽፎ ነበር፤ ሁለቱ ቃላት ተቀራርበው ስለ ተጻፉ ግን ለሙከራ የተጠራ አንድ ሰው እንደ አንድ ቃል አንብቧቸው፣ በእንግሊዝኛ «ደደብ» የሚል ስድብ ስለ ሆኑበት፣ «ለምን ይሰድበኛል?» ብሎ ተቈጣ፤ በዚህም ምክንያት ቃሉ በ«ኦኬ» ተለወጠ። እኛም ይህንኑ «እሺ» ብለን ተረጐምነው። «እሺ» ግን በእኛ ዘንድ የመስማማት ብቻ ሳይሆን የመታዘዝም፣ አልፎ ተርፎ ባለጉዳይን ለማሰናበት የምትነገር የጨዋ ማምለጫም ቃል ናት። ስለዚህ «ያስገቡት መዝገብ ጠፍቷል» ከሚል መርዶ በታች «እሺ» የምትል አንዲት ቍልፍ ብቻ ስትቀርብልን፣ የቀኑን ድካም ቀምቶ አሜን በሉ የሚል ሰው ፊት የቆምን ይመስለናል። በዚያ ሥፍራ የሚያስፈልገው ቃል «ዝጋ» ነው፤ ከተቻለም «መዝገቡን መልስ» ነው።

አሁን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ልውሰዳችሁ፤ ስሙ ይቈየን። በሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም «እትዬ» እያለ የሚጠራቸው፣ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሠራተኛውን ሁሉ ማኅደር በቃላቸው የሚያውቁ አንዲት እናት አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ከፊታቸው የአንድ ወጣት የቅጥር ደብዳቤ ነበረ፤ ቀኑም ጥቅምት 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ይላል። «የቅጥር ቀን» በምትለው ሣጥን ውስጥ 30/02/2015 ብለው ጻፉ። ሣጥኗ ቀይ ሆነች፤ «ኢንቫሊድ ዴት» አለች። 29 አደረጉት፤ እንደገና ቀላች። 28 ባደረጉት ጊዜ ግን ዝም አለች፤ እርሳቸውም ወደሚቀጥለው ሣጥን አለፉ። «እትዬ፣ ደብዳቤው 30 አይደል የሚለው?» ብላቸው፣ እንደ ሞኝ አየት አድርገውኝ፣ «ልጄ፣ ይሄ ማሽን ጥቅምት ሠላሳን አይወድም» አሉኝ።

ማሽኑ ያልወደደው የፈረንጆችን ፌብሯሪ 30 ነበር፤ በእነርሱ አቈጣጠር ሁለተኛው ወር ፌብሯሪ ነውና፣ እንዲህ ያለ ቀን የለም። ነገር ግን ሣጥኗ የምትጠብቀው የማንን ዘመን እንደ ሆነ አንድም ቃል ስላልነገረቻቸው፣ እርሳቸው የራሳቸውን ዘመን ጻፉ፤ የቀላችውም ሣጥን ምክንያቱን ስላልገለጠችላቸው፣ እስክትቀበል ድረስ ቀኑን ቀነሱላት። በዚህ ዓይነት በጥቅምት 29ና 30 የተቀጠረው ሁሉ በ28 ተመዘገበ፤ በጳጕሜን የተቀጠረማ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማይገባላት የትም አልተገኘለትም። ከሁሉ የከፋው ግን ሣጥኗ ሳትቀላ በዝምታ የተቀበለችው ነው። በኅዳር ሚካኤል ዕለት በ2015 ዓ.ም. የተቀጠረ ሰው 12/03/2015 ተብሎ ሲጻፍ፣ መሣሪያው ማርች 12 ቀን 2015 ብሎ አንብቦ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር የሚያህል ያልሠራውን አገልግሎት መረቀለት፤ የዓመት ፈቃዱም በዚያው ልክ ተቈጠረ። ያ ሰው እስካሁን አቤቱታ አላቀረበም።

ለዚህ ሁሉ የሚበቃው ምሪት ከሣጥኗ አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት መስመር ነበረች፤ «በፈረንጆች አቈጣጠር ይጻፉ። ምሳሌ፦ ጥቅምት 30 ቀን 2015 ከሆነ 09/11/2022»። ምሳሌው ሆነ ተብሎ የተመረጠው ከሚያሳስተው ቀን ነው፤ ብዙ ጸሓፊዎች ግን ለምሳሌ የሚመርጡት ማንም የማይስተውን ቀን ነው። ስሕተቱም ሲመጣ፣ «በፈረንጆች 2ኛው ወር 30 ቀን የለውም። በእኛ አቈጣጠር ጽፈው ከሆነ ‹ቀይር› የሚለውን ይጫኑ» ቢል፣ እትዬ ማሽኑን ለማባበል ጥቅምትን ባላሳጠሩት ነበር። መሣሪያው ሁለቱንም አቈጣጠር ቢቀበል ደግሞ መስመሯም ባላስፈለገች፤ ይህን ግን ለማስለወጥ ስብሰባ ያሻል፤ መስመሯን ለመጻፍ የሚበቃው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

በዚያው ቀን የእትዬን ስክሪን ዙሪያውን ስመለከት፣ እንደ ብራና ኅዳግ በትንንሽ ወረቀት ተከብቦ አየሁት። ወረቀቶቹን እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በእስክርቢቶ ጽፈው በፕላስተር የለጠፏቸው ናቸው፤ በናንተም መሥሪያ ቤት አይጠፉም። አንደኛው «መጀመሪያ ሴቭ፣ ከዚያ ፕሪንት» ይላል። ሌላው «ቀዩ ሲመጣ አትደንግጪ፣ ጠብቂ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ፣ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ፣ «ሁለቴ አትጫኚ፣ ሁለት ጊዜ ይከፍላል» የሚል ነበረ። እኔ ከትምህርትም ከደመወዝም ጋር ለወራት ስደክምበት የነበረውን ነገር፣ ይኸውም ትእዛዙንና ምክንያቱን በአንድ እስትንፋስ፣ ለተደናገጠ ሰው በሚገባ ቃል፣ በሥፍራው ላይ መናገርን፣ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ከከፈለች በኋላ በአምስት ቃል ፈጽማዋለች። የምሪት ጸሓፊ ሥራ ከራሱ አፍልቆ መጻፍ ነው ብዬ አምን የነበርሁ ሰው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ስገባ አስቀድሜ የማደርገው ነገር በየስክሪኑ ጠርዝ የተለጠፈውን ወረቀት ሁሉ በደብተሬ መገልበጥ ነው፤ «አንቺ» ያለውን «እርስዎ» አደርገዋለሁ፣ ከተጠራጠርሁም የጻፈችውን ሰው ፈልጌ ምን ገጥሟት እንደ ጻፈችው እጠይቃታለሁ፤ ከዚያ በላይ ብዙ አልነካካውም።

የእነ እትዬንም ወረቀቶች እንዲሁ አድርገን ወደ ስክሪኑ ውስጥ አስገባናቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ስመለስ የስክሪኑ ጠርዝ ባዶ ሆኖ፣ የፕላስተሩ ምልክት ብቻ ቀርቶ አገኘሁት፤ በእውነቱም በልቤ ትንሽ ኰራሁ። በስተ ቀኝ ጥግ ግን «ሲስተም ሲጠፋ ታች ፎቅ ደውዪ» የምትል አንዲት ወረቀት፣ ጫፏ ወዝቶ፣ እንደ ተለጠፈች ነበረች። ይህችስ ወደ ውስጥ ገብታ የለም ወይ፣ ለምን አላነሧትም ብዬ እትዬን ብጠይቃቸው፣ ከሚጽፉት ቀና ሳይሉ፣

«እሷንማ ሲስተሙ ሲጠፋ የት ላነባት ነው ልጄ?» አሉኝ።